የእናቴ ምራቅ

ሐኪሙ ለደም ግፊቴ ብሎ ቡና ከከለከለኝ ወዲህ ራሴን ይፈልጠኛል። ፋርማሲስት የሆነችው ልጄ ግንባሬን በሻሽ እያሰረችልኝ፣ "እማዬ፣ ሕዋሶችሽ ናቸው" አለችኝ። አዴኖሲን የሚባል፣ ለሰውነት ድካሙን የሚነግር ነገር አለ አሉ። ሕዋስ እሱን የሚቀበልበት ተቀባይ አለው፤ ቡና ይመጣና ቀድሞት ተቀባዩ ላይ ቁጭ ይላል። ሕዋሱም እጁን አጣጥፎ አያይም፣ ሌሎች ተቀባዮች ይጨምራል። ቡናው የቀረ ቀን ያ ሁሉ ተቀባይ ክፍቱን ያድርና አዴኖሲን ይሞላበታል፤ የራስ ደም ሥር ይሰፋል፣ ራስ ይመታል። "ታገሺ፣ ሕዋሱ ራሱ መልሶ ይቀንሳቸዋል" አለች።

እኔን ግን አናደደኝ። ይህን ያኔ ደባርቅ ላይ የሚነግረን አንድ ሰው ይጥፋ?

በደርግ ጊዜ ነው፣ ነሐሴ፣ ከቡይት ራስ የሚወርደው ጉም ደጃፋችን ድረስ የሚገባበት ወር። ኬላው ቡና አላሳልፍ ስላለ ቡናው ከገበያ ድርቅ አለ። እትዬ የምላት ጎረቤታችን ብዙነሽ ጠዋትም ቀትርም ማታም ካልጠጣች ሰው የማትመስል ሴት ነበረች። ቡናው በጠፋ በማግስቱ ራሷን ይዛ ተኛች፤ አስመለሳት። በዋዜማው እናቴ የገብስ ቆሎ ወስዳላት፣ "ዛሬስ ፊትሽ አምሮበታል" ብላት ኖሯል። እናቴ በርበሬ ቸርቻሪ፣ ከጃናሞራ የመጣች ባዳ ናት፤ ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል። ቡዳ በላት ተባለ። ሥር እያጨሱ አጠኗት፤ እየሳለች "ማን በላሽ?" ሲሏት የእናቴን ስም ጠራች።

ቡዳ ይለቃል የሚባለው የበላው ሰው ራሱ በታማሚው ላይ ሲተፋ ነው። ስለዚህ መጡብን። ከፊት የቆመው፣ በየስብሰባው "ጎጂ ልማድ ይውደም" እያለ እጃችንን የሚያስነሳን የቀበሌው ሊቀመንበር ራሱ ነበር። እናቴን ክንዷን ይዞ እስከ ብዙነሽ መደብ ድረስ ጎተታት።

"ትፊባት" አላት።

"አልተፋም። ከተፋሁ አመንኩ ማለት ነው። ይቺን ልጄን ማን ያገባታል?"

"ካልተፋሽ ቤትሽን በላይሽ ላይ እናነድደዋለን።"

እጁን ነከስኩት። በጥፊ አጋደመኝ። እናቴ ወድቄ አየችኝ፣ ዞረች፣ ተፋች።

ያን ዕለት ከሰዓት የብዙነሽ ባል ከዛሪማ በመጣ የጭነት መኪና ተደብቆ የገባ ቡና አገኘ። ፈላላት፣ ጠጣች፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጓሮዋን ስትዞር አየናት። ቡናውን ያነሳ አንድም ሰው የለም። "ምራቋ አዳናት፣ ይኸው ተረጋገጠ" አሉ። ከእናቴ በርበሬ የሚገዛ ጠፋ። ዕቃችንን ጭነን ዳባት ብንገባ ወሬው ቀድሞን ደርሷል። ይህችን ፋርማሲስት ልጄን የወለድኩ ጊዜ እንኳ እናቴ "ታምራለች" ማለት ፈርታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እንደዚያው ሆና ሞተች።

ብዙነሽን ይቅር በያት ይሉኛል። አልልም። ሕዋሷ ምንም ያድርጋት፣ ስም የጠራው አፏ ነው።

ዛሬ ጠዋት ራሴ ለሁለት ሊከፈል ደርሶ በር ላይ ተቀምጬ ጎረቤቴ አየችኝና፣ "ምነው እንዲህ ጠቆርሽ? የማን ዓይን ነው ያረፈብሽ?" አለችኝ።

"የማንም" አልኳት። "ቡና ትቼ ነው።"