ባለሁለት በሯ መኪናዬና የሸቤ መንገድ

በደርግ ዘመን ጅማ ውስጥ አስተማሪ ሳለሁ፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ አገር መምህር ያገለገለች ባለሁለት በር የስፖርት መኪና ገዛሁ። ርካሽ ነበረች፤ ግን ዝቅ ያለችና ቀይ ስለሆነች ዓይን ውስጥ ትገባለች። የቀበሌያችን ሊቀመንበር በስብሰባ መሃል «ጓድ፣ ይህቺ ለሰፊው ሕዝብ ምን ትጠቅማለች?» ብሎ ጠየቀኝ።

በምኖርበት በጊንጆ ሰፈር ጎረቤቴ አንድ በርጩማ የሚጠርቡ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ማለዳ የእህታቸው መርዶ ከሸቤ መጣ። ቀብሩ የዚያኑ ዕለት ስለሆነ፣ በጭነት መኪና ሊሄዱ ተጣድፈው ሲወጡ አገኘኋቸው።

«አባባ፣ እኔ አደርስዎታለሁ» አልኳቸው።

«ኢንተላ ኮ፣ መንገዱ ክፉ ነው» አሉ፤ በኦሮምኛ «ሴት ልጄ» ማለታቸው ነው።

«ከጭነት መኪናው ቀድመን እንገባለን» ብዬ በሩን ከፈትኩላቸው። አዝኜላቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን መኪናዬ ሰው ስትጠቅም እንዲታይልኝም ፈልጌ ነበር።

ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ አድሯል። ከከተማው እንደወጣን የመኪናዋ ሆድ ድንጋይ ይፍቅ ጀመር። ሽማግሌው ወርደው ከፊቴ እየሄዱ ድንጋዩን ያነሳሉ፤ በእጃቸው ግራና ቀኝ ያመላክቱኛል። ለሩጫ የተሠራችው መኪና በእርሳቸው እርምጃ ትከተላለች። ደህና መንገድ ሲገኝ ይገባሉ፤ ጥቂት ሄደን ደግሞ ይወርዳሉ። በዚህ መሃል የጭነት መኪናው ጥሩምባውን እየነፋ አለፈን። አስቁሜው በእርሱ እንዲሄዱ ማድረግ ነበረብኝ። አላደረግሁትም።

ሸቤ ስንገባ ለቀስተኛው ከመቃብር እየተመለሰ ነበር። በጭነት መኪናው የመጡት ለቀብሩ ደርሰዋል። ሽማግሌው ጭቃ የያዘ እጃቸውን ታጥበው ብቻቸውን ወደ መቃብሩ ሄዱ። ዱዓቸውን ጨርሰው ሲመለሱ «ይቅር ይበሉኝ አባባ፣ በእኔ ምክንያት ነው» አልኳቸው።

«አላህ ያለው ነው የሚሆነው» አሉ። ቀጥለውም «የጭነት መኪናው ሲያልፍ እጄን ላነሳለት አስቤ ነበር። ቅር እንዳይልሽ ብዬ ተውኩት» አሉኝ።

ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

መኪናዋን ሌላ ሁለት ዓመት ያህል ያዝኳት፤ ከአስፋልት ግን አላስወጣኋትም። ጁምዓ ቀን ዝናብ ሲሆን ሽማግሌውን መስጊድ አደርሳቸዋለሁ። ስለዚያ ጉዞ ዳግመኛ አላነሱም፤ እኔም ለማንሳት ድፍረቱን አላገኘሁም።