ባለቤቴ ኳስ የሚያይበት ቦታ

ጊንጪ ላይ የከተማችን ቡድን የሚጫወትበት ሜዳ ከአስፋልቱ ብዙ አይርቅም ነበር። አጥር የለውም። ከብት ይገባበታል፤ በገበያ ቀን እህል የጫኑ አህዮች ያቋርጡታል። ቡድኑን ያቋቋመው ባለቤቴ ነው። የስፖርት አስተማሪ ነበር፤ ከተማው ሁሉ በኦሮምኛ “ባርሲሳ” ይለዋል፣ መምህር ማለት ነው። እኔ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል እሠራ ነበር። ስለ ኳስ የማውቀው ነገር የለም። እሁድ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ የት እንዳለ ግን ሁልጊዜ አውቅ ነበር።

አንድ ክረምት ላይ ደም ግፊት ጣለው። ነፍሱን ጌታ መለሰልኝ፤ ግራ ጎኑ ግን አልታዘዝ አለ። ንግግሩ ቀስ አለ እንጂ አልጠፋም፤ ለዚህም አመሰገንኩ። ከቤተ ክርስቲያናችን ተሽከርካሪ ወንበር ሰጡን። የጊንጪን ጥቁር አፈር የሚያውቅ የሆነውን ይገምታል፤ ጎማው ከደጃችን ሳይርቅ ጭቃ ውስጥ ተቀበረ።

መላ ያመጡት ተጫዋቾቹ ናቸው። አንድ እሁድ የእድሩን ቃሬዛ ተውሰው መጡ። ቃሬዛ በሽተኛም አስከሬንም የምንሸከምበት ነውና በር ላይ ሳየው መልሼ ልዘጋባቸው ነበር።

“እትዬ፣ አይደንግጡ” አለኝ አምበሉ። “የኛው ደርሶ መልስ ነው።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አለባብሼው እጠብቃቸዋለሁ። ሕግም አወጡ። ሲሄዱ የሚሸከሙት ተጠባባቂዎቹ ናቸው፤ ሲመለሱ በዚያ ቀን ጎል የሳቱት።

“አንተ ዛሬ ሁለት ስተሃል፣ በራስጌ በኩል ያዝ!”

“ባርሲሳ ከብደዋል እኮ!”

“ጎል ስታገባ ይቀሉሃል።”

ባለቤቴ ከላይ ሆኖ ይስቃል። ከታመመ ወዲህ ሳቁን የምሰማው እሁድ እሁድ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ፀሐዩ በርትቶ ነጠላዬን ፊቱ ላይ ጣል አደረግሁለት። ጥፋቱ የኔ ነው። አስፋልቱን ስናቋርጥ ከነቀምት የሚመጣ አውቶቡስ ቆመ። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ፣ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወረዱ። በኛ አገር ቃሬዛ ያጋጠመው መንገደኛ ባያውቀውም ጥቂት ይሸኛል። አንዲት ሴት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ደረቷን እየመታች፣ “ወይኔ ወንድሜ!” እያለች ተከተለችን። ባለቤቴ ነጠላውን ገለጥ አድርጎ ቀና አለ።

“እህቴ፣ ለማን ነው?”

ሴትዮዋ ጮኻ ወደ ኋላ ሸሸች። ትንፋሿ ሲመለስ ተቆጣች። “ታዲያ ምን ያጋድምሃል!”

“ኳስ ለማየት እየሄድኩ ነው።”

“በል እንባዬን መልስልኝ!” አለችና እሷም ሳቀች። ግማሹ ተሳፋሪ ሜዳው ድረስ ተከትሎን መጣ፤ ሹፌሩ ክላክስ እያደረገ ነው ለቅሞ የወሰዳቸው።

ከዚያ የስታዲየሙ ነገር መጣ። አምቦ ላይ ለዞኑ የሚሆን ስታዲየም ሊሠራ ነው ተባለ። መንግሥት ይመድባል፣ ሕዝቡም ያዋጣል። እኛ ሠራተኞች ከደመወዛችን በየወሩ እንዲቆረጥ ፈረምን። ገበሬው ከጤፉ ሸጦ ሰጠ። ባለቤቴም ከጡረታው ሰጠ። ደስ ብሎን ነው የሰጠነው። በኋላ የሰማነው ግን ሌላ ነበር። በዚያ ዓመት በአካባቢው የተሻለ ውጤት ያለው የኛ ቡድን ነው፤ ሜዳችን ደግሞ አጥር ስለሌለው ለሊግ አይሆንም። ስለዚህ ቡድኑ ወደ አምቦ ይዛወራል፣ ስሙም ይለወጣል።

በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ባለቤቴን ተሸክመው አስገቡት። ከአምቦ የመጣው ኃላፊ ገና ወጣት ነው፤ ላቡን እየጠረገ ይናገራል።

“ቡድኑ አይጠፋም፤ ያድጋል እንጂ” አለ።

“ልጄን ወስደህ፣ ስሙን ለውጠህ፣ አደገልህ ትለኛለህ?” አሉት አንድ ሽማግሌ።

ሌላው ከኋላ ጮኸ። “ያዋጣነው ለስታዲየም ነው! ቡድኑን ምራቂ አድርገን አልሰጠንም!”

ጫጫታው ሲበዛ ሽማግሌው እጃቸውን አነሱ። “ባርሲሳ ይናገር። እሱ አይሆንም ካለ አይሆንም።”

ሁሉም ወደሱ ዞረ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። አምቦ ለደህና ሰው ቅርብ ነው። ለሱ ግን ቡድኑ ሄደ ማለት እሁዱ ሄደ ማለት ነበር። ይህን ከኔ ሌላ ያሰበ ያለ አልመሰለኝም።

“ልጆቹ ደመወዝ ይኖራቸዋል?” አለ ቀስ ብሎ።

“አዎ፣ በየወሩ።”

“ቢሰበሩስ ማን ያሳክማቸዋል?”

“ቡድኑ።”

“አንዱ ተጫዋቼ እግሩ ሲሰበር እኔ ወጌሻ ጋ ነው የወሰድኩት። ሌላ አቅም አልነበረኝም። እስከ ዛሬ ያነክሳል። ይሂዱ።”

እኔ በስብሰባ ላይ ተናግሬ አላውቅም፤ በዚያ ቀን ግን ሳላስበው ቆሜ ተገኘሁ።

“አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ስታዲየሙ መራመድ የማይችል ሰው የሚያይበት ቦታ አለው?”

ወጣቱ ደብተሩን ገለጠ። “እናታችን፣ ጥያቄዎን ይዘናል።”

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። መንገዱንም ውሃውንም ለዓመታት “ይዘናል” ሲሉን ኖረዋልና። እኔም አፍሬ ተቀመጥኩ።

ማታ እራቱን ሳጎርሰው፣ “ለምን ስለኔ ተናገርሽ?” አለኝ።

“አንተስ ለምን ስለራስህ አልተናገርክም?”

ጎረሰ።

ልጆቹ ሄዱ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ፀጥ አለ። ሬዲዮ ልክፈትልህ ስለው፣ ተይው ይለኛል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል፤ እንቅልፍ እንዳልወሰደው ከትንፋሹ አውቃለሁ። አንዲት ሴት ልጃችን አምቦ ትማር ነበርና ጨዋታ ባለ ቀን ትደውላለች።

“አባቢ፣ አንድ ለዜሮ አሸነፍን!”

“ማን አገባ?”

“እኔ እንጃ፣ ዘጠኝ ቁጥር ነው።”

“እኔ ሰው ነው የጠየቅሁሽ፣ አንቺ ቁጥር ትነግሪኛለሽ?” ይላትና ስልኩን ይመልስልኛል።

ለኳስ መጸለይ አሳፈረኝ። ለጸሎት እህቶቼ “ባለቤቴን በጸሎት አስቡልኝ” ብቻ ነበር የምላቸው። ጓዳ ገብቼ ለብቻዬ ስሆን ግን በግልጽ ጠየቅሁ። ጌታ ሆይ፣ ልጆቹን አንድ ጊዜ አሳየው አልኩ። ከዚያ የሚበልጥ ነገር ለመለመን ድፍረት አልነበረኝም።

ከወራት በኋላ አምበሉ ደወለ። “እትዬ፣ እሁድ እዚህ ነን። ባርሲሳን ይዘውልን ይምጡ። ቦታ አለ።”

“ምን ዓይነት ቦታ?”

“መጥተው ይዩት።”

በዚያ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ቀረሁ፤ ጌታ ያውቀዋል። አንድ የሚኒባስ ባለቤት የኋላውን ወንበር ፈትቶ አወጣልንና ፍራሽ አነጠፍንለት። የእድሩ ሰዎች አብረውን ሄዱ። በመንገድ ሁሉ ልቤ አልተቀመጠም። ደረጃ ብቻ ቢሆንስ? በሩን አይቶ ሳይገባ ቢመለስስ? ያኔ እንዴት አድርጌ ይዤው እመለሳለሁ?

ስታዲየሙ ገና አላለቀም ነበር። በአንዱ ጎን የሲሚንቶ ደረጃ አለ፣ በሌላው ጎን የአፈር ቁልል። ደረጃውን በዓይኔ ለካሁት። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስወጣ፣ ቀጥ ያለ ነው። ልጃችን በር ላይ ስትጠብቀን ነበርና እየሮጠች መጣች።

“በዚህ አይደለም እማዬ፣ በዚያ ዙሩ።”

በአፈሩ በኩል ዞርን። እዚያ አንድ ቦታ ላይ አፈሩ ተደልድሎ ድንጋይ ተነጥፎበታል። ከውጭ ቀስ ብሎ ከፍ የሚል መንገድ ወደሱ ይወስዳል። ደረጃ የለውም። ስፋቱ አንድ ቃሬዛ ያሳርፋል፣ ጎኑም አንድ ሰው ያስቀምጣል።

“ማን ሠራው?” አልኳት።

“አንድ ወጣት ኃላፊ ነው ያሠራው ብለውኛል። ከግንበኞቹ ጋር ድንጋይ ሲያቀብል ያዩት አሉ።”

በስብሰባው ቀን በዚያ ልጅ ስቀንበት ነበር። ፈልጌ ላመሰግነው ብል በዚያ ቀን አላገኘሁትም፤ ከዚያም በኋላ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ አሉኝ። እስከ ዛሬ በጸሎቴ አነሳዋለሁ።

ጨዋታው ተጀመረ። ማሊያው ሌላ ነው፣ ግማሾቹንም አናውቃቸውም። ባለቤቴ ግን የኛዎቹን በአረማመዳቸው ለየ፤ ደህና እጁን ክንዴ ላይ አድርጎ አንድ በአንድ በስማቸው ጠራልኝ። በእረፍት ሰዓት አምበሉ ሜዳውን አቋርጦ መጣና እግሩ ሥር ተንበረከከ።

“ባርሲሳ፣ በግራ በኩል እያለፉን ነው። ምን እናድርግ?”

“አጥቂውን አትከተሉት። ቆማችሁ ጠብቁት፤ እሱ ይመጣል።”

“እሺ” አለና ሮጠ። ከዚያ በኋላ በግራ በኩል ያለፈ የለም። ይህን የምለው እሱ ስለነገረኝ ነው እንጂ እኔማ እሱን ነበር የማየው።

እኩል ለእኩል ወጡ። ሰው እየተበተነ ሳለ የእድሩ ሰዎች ሊያነሱት ጎንበስ አሉ።

“ትንሽ ቆዩ” አለ።

“መሽቶ መኪናው ያስቸግረናል” አልኩት።

“ልጆቹን ልይ።”

ጠበቅን። በእኛ ሜዳ ጨዋታ ሲያልቅ ልጆቹ ጭቃቸውን እንደያዙ ነበር ወደየቤታቸው የሚሄዱት። አሁን በአንድ በር ገብተው ቆዩ። ሲወጡ ፀጉራቸው እርጥብ ነው፣ ንጹሕ ልብስ ለብሰዋል። አንድ በአንድ እየመጡ ሲስሙት የሳሙና ሽታቸው እኔ ጋ ደረሰ። ባለቤቴ የአምበሉን ጭንቅላት በደህና እጁ ያዘና ፀጉሩን ዳሰሰው።

“ውሃ አላችሁ?” አለው።

“አለን፣ ባርሲሳ። ሙቅ ነው።”

ባለቤቴ ወደኔ ዞረ። ዓይኑ ሞልቶ ነበር።

“ሰማሽ? ሙቅ ነው” አለኝ።