ጋሽ ታደለ ሜክሲኮ ውስጥ የደረሱት ለቅሶ

ለማመን ስላቃተኝ፣ የሆነውን በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ከጋሽ ታደለ ጋር በስልክ ተነጋገርን። ድምፃቸው ደህና ነበር። ዛሬ ጠዋት እዚሁ ላስ ቬጋስ፣ ዊንቸስተር ሰፈር ካለው አፓርታማቸው ሳይወጡ ቀሩ። ጎረቤታቸው በሩን አስከፈተ። ከቀትር በፊት ማረፋቸው ተረጋገጠ። ከቀትር በኋላ ሽማግሌዎች ሰንራይዝ ማነር ሰፈር ልጃቸው ሄለን ቤት ሄደው መርዶውን ነገሯት። ከዚያ በፊት ማንም ምንም ፖስት እንዳያደርግ ተስማምተን ነበር፤ ማንም አላደረገም። አሁን የምጽፈው ሄለን ስለፈቀደችልኝ ነው።

ለማታውቋቸው፣ ጋሽ ታደለ በወጣትነታቸው ባሕር ኃይል ነበሩ። በስደት ወደ ላስ ቬጋስ ከመጡ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ካዚኖ ውስጥ ካርታ ሲያድሉ ኖሩ። መርከብ ላይ በጠባቂነት ሲቆሙ የተማሯት አንዲት አባባል ነበረቻቸው፤ «ያየኸውን ተናገር፤ ያላየኸውን አትጨምር።» ቻይናታውን መኪና ማቆሚያ ስንፈልግም፣ ሐሜት ሲነሳም የሚሉት እሷኑ ነበር።

ታናሽ ወንድማቸው ሰሎሞንም ባሕር ኃይል ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ወደ ባሕር ከወጣ በኋላ የት እንደደረሰ አልታወቀም። ወዳጆቻቸው ለዓመታት «ለቅሶ ይቀመጡና እርምዎን ያውጡ» ሲሉ መክረዋቸዋል። እሳቸው ግን «ጠፍቷል» እንጂ «ሞቷል» ብለው አያውቁም።

ጡረታ ሲወጡ ከአንድ የሥራ ባልደረባቸው ጋር ትንሽ የሸራ ጀልባ ገዝተው ሳንዲያጎ አስቀመጡ። አንድ የጸደይ ወራት እኔን አሳፍረው የሜክሲኮን ዳርቻ ተከትለን ወደ ደቡብ ወረድን።

በጥቂት ወደቦች አገር እንደማይለካ አውቃለሁ። ስለዚህ የምናገረው የደረሰብኝን ብቻ ነው። የወደቡ ሹም ፓስፖርታችንን ከመጠየቁ በፊት ወንበር ስቦ አስቀመጠን፤ ደህንነታችንንም ጠየቀን። በምሳ ሰዓት፣ በጠረጴዛችን አጠገብ የሚያልፍ የማያውቀን ሰው ሁሉ ምግባችንን መርቆ ያልፋል። ጋሽ ታደለ «እኛ ‹እንብላ› እንላለን፣ እነዚህ ‹ብሉ› ይላሉ፤ የሚያስቸግረው ዝም ብሎ የሚያልፈው ነው» አሉ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ቬጋስ ውስጥ ሜክሲኮዎችን የማውቃቸው ሺፍት ላይ ነው። ቁጭ ብለው አይቻቸው አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን የሚጠጣ ውኃ ለመጠየቅ ከአንዲት የዓሣ አጥማጆች መንደር ፊት መልህቅ ጥለን ወረድን። ከአንድ ቤት ደጃፍ ላይ ሸራ ተወጥሯል። ከሥሩ የላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል። ውጭ ትልቅ ድስት ተጥዷል። ወንዶቹ ደግሞ ልክ እኛ ዘንድ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ካርታ ይጫወታሉ።

ጋሽ ታደለ ቆሙ። «ለቅሶ ቤት ነው። ደርሰን እንውጣ» አሉ።

በቂ ማስረጃ የለንም አልኳቸው።

«ሸራ አለ፣ ወንበር አለ፣ ካርታ አለ። ፕሮፌሰር፣ ሬሳውን ካላሳዩኝ ልትል ነው?» አሉ፤ ሲያሾፉብኝ የሚጠሩኝ እንዲህ ነበር።

ባርኔጣቸውን አወለቁ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በአማርኛ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አሉና ጥግ ይዘው ተቀመጡ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። የቦሎቄ ሾርባ አቀረቡልን፤ በዝምታ በላን።

በመጨረሻ፣ እዚህ ቬጋስ ወጥ ቤት ውስጥ ሠርቶ የተመለሰ አንድ ሰው ቀረብ ብሎ፣ በትሕትና፣ በእንግሊዝኛ፣ ማን እንደሞተብን ጠየቀን። በእነሱ ቤት የሞተ አልነበረም። በማግስቱ የእህቱ ልጅ ልታገባ ነው። እናቱማ ቄሶች መስለናቸው ኖሯል። ይህንን ለሌሎቹ ሲነግራቸው ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም በላይ የሳቁት ጋሽ ታደለ ነበሩ፤ «ያላየሁትን ጨመርኩ» አሉኝ። እኔ ይቅርታ ጠይቄ ለመውጣት ተነሣሁ።

የሙሽራዋ አያት፣ የሰውየው እናት፣ ግን አልሳቁም። በልጃቸው በኩል ጋሽ ታደለን፣ ሐዘን ይዘው የመጡት ለማን እንደሆነ ጠየቋቸው።

ጋሽ ታደለ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ በአማርኛ «ታናሽ ወንድሜ ነው። ባሕር ላይ ሞተ» አሉ።

ለሰውየው በእንግሊዝኛ የነገርኩት እኔ ነኝ። ከእኔ በቀር ቃሉን በራሳቸው ቋንቋ የሰማ አልነበረም። አሮጊቷ ወንበራቸውን ከጋሽ ታደለ ጎን አስጠጉ። ወንዶቹ ካርታቸውን አስቀመጡ። የሠርግ ቤት ለሰሎሞን ዝም አለ።

ወደ ጀልባችን ስንቀዝፍ፣ እኛ ያን ያህል ዓመት ስንለምናቸው ያላሉትን ለምን እዚያ እንዳሉት ጠየቅኋቸው።

«እናንተ መከራችሁኝ» አሉ። «እሷ ጠየቀችኝ።» ጥቂት ቀዝፈን ደግሞ «ቬጋስ ስገባ ግን እንደገና እጠብቀዋለሁ» አሉ።

እንዳሉትም ጠበቁት። ለቅሶ ነው ብለን ሠርግ ቤት የተቀመጥንበትን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ከአፋቸው ሰምታችሁታል። ሁልጊዜ የሚያቆሙት ሳቁ ላይ ነበር።

ዛሬ ሄለን ቤት ሽማግሌዎቹ አንድ ጥያቄ አነሱ። በነገው ፍትሐት የሰሎሞንም ስም አብሮ ይጠራ ወይ? ጋሽ ታደለ ካረፉ ሰሎሞንን የሚጠብቅ የለምና፣ የሁለቱ እርም በአንድ ቀን ይውጣ ያሉ ነበሩ። ቅንነታቸውን አልጠራጠርም። እኔ የሰማሁትን ሳልጨምር ነገርኳቸው። ሄለን፣ አባቷ ከተመለሱ በኋላ ቃሉን ደግመውት እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልደገሙትም አልኳት። ብዙ ካሰበች በኋላ «እንግዲያው አባቴ እዚህ ያላለውን እኔ እዚህ አልልም» አለች። ማንም አልተከራከራትም። ነገ ቤተ ክርስቲያን የምትመጡ ወዳጆች ለምን ብላችሁ እንዳታስጨንቋት ይህን ያህል ጻፍኩ።

ጋሽ ታደለ፣ ነፍስዎን ይማር። ከእርስዎ ጋር ያየሁትን አገር ለብቻዬ ብሄድ ኖሮ እንደማላየው አውቃለሁ፤ ስለዚያ አመሰግናለሁ። በደህና ይሂዱ። የእርስዎን ስም ለካህኑ ሰጥተናል። የሰሎሞንን አልሰጠንም።