ክፍል ገብቶ ያያቸው የለም

በጊንጪም በአምቦም ያላችሁ የአዴ ጫልቱ ተማሪዎች ሁሉ፣ የባዮሎጂ መምህርታችን ማክሰኞ ጠዋት አረፉ። እኔ ተማሪያቸው ነበርኩ፤ በኋላም አጠገባቸው ለማስተማር በቃሁ። ደክሞኛል፤ ባጭሩ ልጻፍ።

አዴ ጫልቱ ስለ ጉርምስና፣ ስለ ወር አበባና ስለ እርግዝና የሚያወራው ምዕራፍ ሲደርስ ወላጆችን ይጠሩ ነበር። «ግቡና ስሙ፤ ቤታችሁ ገብቶ የሚያጣላ ነገር አላስተምርም» እያሉ ከኋላ አግዳሚ ላይ ያስቀምጧቸዋል። የወር አበባ በድንገት የመጣባትን ልጅ የራሳቸውን ነጠላ አስታጥቀው ሲሸኙ አይቻለሁ።

ከዚያ ያ ቪዲዮ መጣ። አንዱ ትምህርታቸውን ቀርጾ፣ አንዱ ቆራርጦ ለቀቀው። አንደኛው ቻናል «ልጆቻችንን የምታበላሽ» አላቸው፤ ሌላኛው ያንን ወገን ለመምታት ብሎ ጀግና አደረጋቸው። አይ ዘመን! እኔ ስንጨረጨር እሳቸው የጠመኔ አቧራቸውን እያራገፉ «አንዱ ሰደበኝ፣ አንዱ አሞገሰኝ፤ ክፍሌ ገብቶ ያየኝ ግን የለም» አሉኝ።

ርዕሰ መምህሩ ፈሩ። «አንድ ወላጅ ከከሰሰ ምዕራፉ ይዘለላል» አሉ። በማግስቱ ኦቦ ቶሎሳ ቪዲዮውን አይተው ኖሮ ልጃቸውን ሊያስወጡ ዱላቸውን ይዘው መጡ።

«አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ ኦቦ ቶሎሳ? ይቀመጡ። ሰምተው ካልወደዱት ይውሰዷት» አሏቸው አዴ ጫልቱ።

ኦቦ ቶሎሳ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው እስከ መጨረሻው ሰሙ። «ይቺ ናት እንዴ? ይቺንማ ከብት ያረባ ሁሉ ያውቃታል!»

«ታዲያ እርስዎ ስለ ጊደርዎ የሚያውቁትን ልጅዎ ስለ ራሷ ብታውቅ ምን አለበት?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ኦቦ ቶሎሳም ሳቁ፤ ልጅቷ ተማረች፤ ምዕራፉ አልተዘለለም። ይህን የዘገበ ቻናል ግን አልነበረም። ጠብ የለበትማ!

የአዴ ጫልቱ ቀብር ላይ ሁለቱም ቻናሎች ካሜራ ይዘው መጡ። አንዱ «የገደላቸው የእነማን ስድብ ነው ትላለህ?» ሲለኝ ለመቆጣት እንኳ አቅም አጣሁ። «ስኳር ነው» ብዬው አለፍኩ። ኦቦ ቶሎሳ ክንዴን ያዝ አድርገው «ትንሿ ልጄ ዘንድሮ እዚያ ምዕራፍ ትደርሳለች። ማን ሊያስተምራት ነው?» አሉኝ። 

አዴ ጫልቱ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ፈርቻለሁ። ስሜ እንደ ስምዎ በየስልኩ ሲንገላታ ይታየኛል፤ እንደ እርስዎ ስቆ ማለፍም አልችልበትም። ግን ምዕራፉን ሰኞ እጀምራለሁ። የኋላውን አግዳሚ ወልውዬዋለሁ፤ ኦቦ ቶሎሳም እመጣለሁ ብለዋል። ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ፣ አዴ። እርስዎ በቃዎት፣ ይረፉ።