የሰው ያለህ ያልኩበት ባሕር

ይህ ነገር የደረሰብኝ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ሳን ሆዜ ከተማ ሰው ቤት ልጅ እየጠበቅሁ በምኖርበት ጊዜ ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ርቄ የሄድኩት ያን ቀን ነበርና ማስታወስ የሚገባኝ ባሕሩን ነበር። እኔ ግን የማይረሳኝ እዚያ ባሕር ዳር የተነገረ አንድ ቃል ነው። ለማንም አውርቼው አላውቅም። ሰው ፊት ስናገር አፌ ስለሚተሳሰር ይሻላል ብዬ ጻፍኩት።

ከአገር ቤት ያመጡኝ ጋሼ ወርቁና ባለቤታቸው እትዬ ሰብለ ናቸው። ሁለቱም ተማሪዎች ነበሩ። እነሱ ኮሌጅ ሲውሉ እኔ ልጃቸውን ሊሊን እይዛለሁ፣ አበስላለሁ፣ ቤት አጸዳለሁ።

አንድ ቀን ሁላችንንም በመኪና ሳንታ ክሩዝ ወሰዱን። ከሳን ሆዜ ተራራውን ተሻግሮ ያለ የባሕር ዳር ከተማ ነው። ስንደርስ ሊሊን እንቅልፍ ወሰዳት። እነሱ ወርደው ሲዝናኑ እኔ እሷን ታቅፌ መኪና ውስጥ ቀረሁ። በመስታወቱ አሻግሬ ሳይ፣ ሩቅ ቦታ ሰዎች ውኃ ላይ ቆመው ይሄዳሉ። ዓይኔን አላመንኩትም።

«ሰርፍ ይባላል» አሉኝ ጋሼ ወርቁ ሲመለሱ። «ከእግራቸው ሥር ጣውላ አለ። ማዕበሉን እንደ ፈረስ ነው የሚጋልቡት።»

ከዚያ ቀን በኋላ እጄ ላይ ልጅ ሳይኖር፣ በእግሬ ቆሜ፣ ቀርቤ ላየው ተመኘሁ።

እሑድ የእረፍቴ ቀን ነበር። እረፍት ቢሆንም የትም አልወጣም፤ መኝታ ቤቴ ተቀምጬ እውላለሁ። አንድ እሑድ ግን እንደምንም ደፍሬ ጠየቅሁ።

«ብቻሽን? አንቺ?» ብለው ሳቁ እትዬ ሰብለ። «ጥግ ያለው ሱቅ እንኳ ያለ ሊሊ ሄደሽ ታውቂያለሽ?»

«ተያት ባክሽ» አሉ ጋሼ ወርቁ። «አውቶቡሱ ድረስ እኔ እሸኛታለሁ። የስልክ ቁጥራችንን ያዢ፤ መንገዱ ከጠፋብሽ ኮል አድርጊ።»

የክት ልብሴን ለበስኩ፤ ጥልፍ ቀሚስና ነጠላ። ሰው አገር ሊያይ ሲወጣ የክቱን አይደል የሚለብሰው? ሳንታ ክሩዝ ስደርስ ግን ባሕሩ ዳር ያለው ሰው ሁሉ እርቃኑን ለመሆን ጥቂት የቀረው ነበር። ሁሉም ዞር እያለ አየኝ። አንገቴን ደፍቼ በሰዉ መሐል አለፍኩና ገደሉ አፋፍ ላይ ካለው የብረት አጥር ተጠግቼ ቆምኩ።

ከበታቼ ሰርፍ የሚጫወቱት ይታዩኛል። ጥቁር የጎማ ልብስ ለብሰው ጣውላቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ማዕበል ሲመጣ በደረታቸው ይተኙና በእጃቸው ይቀዝፋሉ፤ ከዚያ ብድግ ብለው ይቆማሉ። አንዱ ቢጫ ጣውላ ነበረው። እሱን መርጬ በዓይኔ ተከተልኩት። ሲቆም እኔም በእግሬ ጣቶች እቆማለሁ። ሲወድቅ ብቻዬን እስቃለሁ። ሳቄን የሚሰማ አለመኖሩ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ቀጥሎ ከሌሎቹ ሁሉ የሚበልጥ ማዕበል መጣ። ባለ ቢጫው ተነሥቶ ቆመ። ውኃው ከላዩ ታጠፈበት። ጣውላው ለብቻው ወደ ሰማይ ተፈናጠረ፣ ሰውየው ግን የለም። ጠበቅሁ። አረፋ ብቻ ነው የሚታየው። አሁን መጥቶ አጠገቤ የቆመ አንድ ሽማግሌ አይስክሬሙን ይልሳል። ማንም ምንም አላለም።

እኔ ያደግሁት ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ አጠገብ ነው። በእኛ ሰፈር ሰው ውኃ ሲወስደው ያየ ይጮኻል። መዋኘት ባይችልም፣ ሴትም ብትሆን፣ ልጅም ቢሆን ይጮኻል። አይቶ ዝም ያለ ሰው ከሟቹ ቤተሰብ ፊት መቆም አይችልም። ስለዚህ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና ጮኽኩ።

«ኡ ኡ! ኡ ኡ! የሰው ያለህ! የሰው ያለህ!»

አጥሩን ይዤ ወዲያ ወዲህ እሮጣለሁ፤ ደረቴን እመታለሁ። ያ ድምፅ ከእኔ ይወጣል ብሎ የሚያስብ የለም፣ እኔም አላስብ። ሰው ተሯሯጠ። ሁለት ሰዎች ጫማቸውን ጥለው በደረጃው ወደ ታች ወረዱ። የባሕሩ ጠባቂ ፊሽካውን እየነፋ መጣ። በጣቴ አረፋውን አሳየሁት።

በዚህ መሐል ባለ ቢጫው ራቅ ብሎ ብቅ አለ። ፀጉሩን ከፊቱ ጠረገ፣ ዋኝቶ ጣውላውን ያዘ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ወጥቶ ተኛበት።

ሰው ሁሉ እሱንም እኔንም አየ። ከዚያ ሳቁ። አንዱ ጎረምሳ ደረቱን እየደቃ «ኡ ኡ ኡ» እያለ ዞረ፤ ሌሎቹ አጨበጨቡለት። ጠባቂው አልሳቀም፣ ግን ደጋግሞ ይጠይቀኛል። ማን እንደሆንኩ፣ ከማን ጋር እንደመጣሁ ይመስለኛል የሚጠይቀው። የማውቃት ትንሽ እንግሊዝኛም ጠፋችብኝ። ምናልባት ያመመኝ መስሎት ይሆናል፣ ክንዴን ያዘኝ።

ያን ጊዜ ጋሽ ጌታሁንን አየሁት።

ጋሽ ጌታሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታችን ከሚሰበሰቡት ተማሪዎች አንዱ ነው። ስለ አገር፣ ስለ ድሀው ሕዝብ ሲናገር ሁሉም ጸጥ ብሎ ይሰማዋል። እኔንም እንደ ሌሎቹ «አንቺ» ብሎ አያልፈኝም፤ «እህቴ» ነው የሚለኝ። እጁን ሳስታጥበው ሁልጊዜ «ተባረኪ እህቴ» ይላል። አሁን ከፈረንጅ ጓደኞቹ ጋር ከፊቴ ቆሟል፤ አንዲት ፀጉረ ረጅም ልጅ ክንዱን ይዛዋለች።

እግዚአብሔር የላከልኝ መሰለኝ።

«ጋሽ ጌታሁን!» አልኩ። «ሰውየው የሰጠመ መስሎኝ ነው። እባክዎ ይንገሩልኝ!»

ዓይኔን አየ። ወገቤ ላይ የታሰረውን ነጠላ አየ። ልጅቷ እየሳቀች የሆነ ነገር ጠየቀችው። ጠባቂውም ወደ እሱ ዞሮ ታውቃታለህ ወይ አለው።

«አይ ዶንት ኖው ኸር» አለ።

አላውቃትም ማለቱ ነው። ያችን ያህል እንግሊዝኛ አላጣም። እትዬ ሰብለ መጀመሪያ ያስተማሩኝ ስልክ ሲደወል «አይ ዶንት ኖው» ማለትን ነው።

ከዚያ ክንዱን ለልጅቷ እንደሰጠ ሄደ። ዞር ብሎ አላየኝም።

ባለ ቢጫው በደረጃው ወጣ። ውኃው ከላዩ ይንጠባጠባል፤ ጣውላውን በብብቱ ይዟል። ጠባቂው ነገሩን ነገረው። ይስቃል ብዬ መሬት መሬት ሳይ፣ መጥቶ ፊቴ ቆመና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ታንክ ዩ» አለኝ። ሳቀ፣ ግን በእኔ አልነበረም። አውቶቡስ የሚለውን ቃል ስናገር ገባው። በባዶ እግሩ፣ ጣውላውን እንደያዘ፣ አውቶቡሱ ጋ አደረሰኝ። እስክሳፈር ድረስም ቆመ። መንገዱን ሙሉ በነጠላዬ ተሸፍኜ አለቀስኩ።

ቤት ስገባ «ጥሩ ነበር» አልኩ እንጂ ምንም አልተናገርኩም።

ቅዳሜ እንግዶቹ መጡ፤ ጋሽ ጌታሁንም መጣ። ማስታጠቢያውን ይዤ ዞርኩ። እሱ ጋ ስደርስ እጁን ዘረጋ፣ ቀና ግን አላለም። «ተባረኪ እህቴ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

እየበሉ ጋሼ ወርቁ ወሬ አነሡ። «ይቺ ልጅ ጉድ ሠራችን እኮ! ብቻዋን ሳንታ ክሩዝ ደርሳ መጣች!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ጋሽ ጌታሁን የያዘውን እንጀራ ትሪው ላይ መለሰ። እንዳልናገር በዓይኑ ሲለምነኝ አየሁት። እሱን ማዋረድ በእጄ ነበር። እኔ ግን ያን ያህል ሰው ፊት እንዴት ብዬ?

ዝም ማለቴን ሲያይ ልቡ ተመለሰ። «ጎበዝ! የእኛ ሴቶች እንዲህ መድፈር አለባቸው!» አለ። ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለና ተነሣ። «ይህቺ ለጀግናዋ ናት። በሞቴ!»

አፌን አልከፈትኩም።

እጁ ፊቴ ላይ ቆመ። ወጡ በጣቶቹ መሐል ወርዶ ምንጣፉ ላይ ተንጠባጠበ። ሁሉም ያያል።

«ምን ነካሽ አንቺ?» አሉ እትዬ ሰብለ። «በሞቴ ተብሎ ጉርሻ ይመለሳል?»

«ጠግቤያለሁ» አልኩ። ከጧት ጀምሮ አልበላሁም ነበር።

ጋሽ ጌታሁን ጉርሻውን ራሱ በላው። ብዙ ቆይቶ ነው የዋጠው።

እንግዶቹ ሲሄዱ እትዬ ሰብለ ተቆጡኝ። «የተማረ ሰው፣ እንደ እህቱ የሚያይሽን! ለካ ባሕሩ ነው ያጠገበሽ!» አሉ። ከዚያ ወዲያ እሑድ ብቻዬን እንዳልወጣ ተከለከልኩ። ምክንያቴን ብናገር ኖሮ ምናልባት አይከለክሉኝም ነበር። አልተናገርኩም። እነሱ ቤት እስከቆየሁ ድረስ ባሕር አላየሁም።

አሁን ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል ሰፈር ክፍል ተከራይቼ ልብስ ስፌት እሠራለሁ። ያን ባለ ቢጫ ጣውላ ስሙን አላውቀውም። መንገድ ላይ ባገኘው መልኩንም የምለየው አይመስለኝም፣ ግን ባስታወስኩት ቁጥር እመርቀዋለሁ። ጋሽ ጌታሁን አገር ቤት ገብቷል። ትልቅ ቦታ ይዟል፣ ሰው ሰብስቦ ይናገራል ይባላል። ይቅር ልበለው ብዬ ሞክሬያለሁ። የጮኽኩት ለማላውቀው ሰው ነበር፤ የማላውቀው ሰው አመሰገነኝ፣ የማውቀው ካደኝ። እዚህ ላይ ስደርስ ይቅር ማለቱ ያቅተኛል።

የአገር ልጆች ስንገናኝ ስሙ ይነሣል። «አንቺማ ታውቂዋለሽ፣ እናንተ ቤት አይደል ይመጣ የነበረው?» ይሉኛል። አላውቀውም የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ይመጣል። ግን አልለውም። እሱ ያለውን እኔ አልደግመውም።

«አውቀዋለሁ» እላቸዋለሁ። «እጁን የማስታጥበው እኔ ነበርኩ።»