አስጨርሱኝ፣ መምህርት

መምህርት ዲንካን የሚያናድዳት ነገር ብዙ ነው። ቡራ የሚሉት ብርዳም የሰሜን ነፋስ ሲነፍስ መስኮት የሚከፍት ሰው፣ ዓሣ ጠብሶ የሚያሳርር ሰው፣ ስብከት የሚያስረዝም ቄስ። ሁሉንም የሚያስከነዳው ግን አንድ ነው፤ በአንዲት የክሮኤሽያ ደሴት ወደብ ዳር ባለው የሎቭሬ ዳቦ ቤት፣ የአገሩ ሰው ባንኮኒው ላይ ከምትቆመው ከኔፓላዊቷ ሱሚትራ ጋር የሚነጋገርበት አነጋገር!

ምን ዓይነት መሰላችሁ? ክሮኤሽያኛን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ሁሉ ሱሚትራ ፊት ሲደርስ አፉ ይኮላተፋል። "እኔ ዳቦ ሁለት! ነጭ! አንቺ መስጠት!" ይላል፤ ያውም ደንቆሮ የሚያናግር ይመስል እየጮኸ። ሰው ሁሉ 'ባርባ'፣ አጎቴ፣ እያለ የሚጠራው ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ሽፒሮማ ጭራሽ በእጁ አየር ላይ ዳቦ ይሥልላታል። ዳቦ ቤት ተቁሞ ዳቦ በእጅ ይሣላል? እሷን መርዳታቸው ነው አሉ! እንዲህ ያለ እርዳታ ጥንቅር ይበል።

"አንተ ሽፒሮ፣" ትላለች ዲንካ ከሰልፉ ውስጥ፣ "ለበቅሎህ እንኳን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው የምትናገረው!"

"በቅሎዬ የዚሁ አገር ልጅ ናታ!" ይላል ሽፒሮ። ሰልፉ ይስቃል። "እኔ ክሩቭ! ትልቅ!"

"ክሩህ! ዳቦ 'ክሩህ' ነው የሚባለው! 'ክሩቭ' ከየት አመጣኸው?"

"ከእናቴ ቤት።"

ዲንካ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ያላት ተማሪ ሱሚትራ ብቻ ናት። ሁለት ክረምት ሙሉ፣ ሥራ ስትጨርስ ዲንካ ወጥ ቤት ትመጣለች። መጽሐፍ የለም። ዲንካ ሳርዲን ዓሣ እያጸዳች ታስተምራታለች።

"ሎቭሬ ዓሣዋን በላ፤ ዓሣዋን ሎቭሬ በላ። በእኛ ቋንቋ ማን ቀደመ ማን ተከተለ ብለሽ አትጨነቂ። 'ሪባ' ያልናት ዓሣ ተበይ ስትሆን 'ሪቡ' ትባላለች። ምልክቷ ጅራቷ ላይ ነው። ከፊትም አስቀምጫት ከኋላ፣ ሎቭሬን አትበላውም።"

"ታዲያ ቦታው ለምን ይቀያየራል?"

"መጨረሻ ላይ የምታስቀምጪው ነዋ ቁም ነገሩ! 'ሎቭሬ የበላው ዓሣ ነው' ብትዪ ተራ ወሬ ነው። 'ዓሣዋን የበላት ሎቭሬ ነው' የምትዪው ግን ዓሣሽ ጠፍታ ሌባዋን ስትፈልጊ ነው። ያንቺም ስም እንደዚያው ነው። የመጣችው ሱሚትራ፣ ያየኋት ሱሚትሩ፣ የሰጠሁት ለሱሚትሪ፣ የገዛሁት ከሱሚትሬ።"

ሱሚትራ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ሳቋ ጠፋ። "ዳቦ ቤት ውስጥ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። 'ሄይ' ነው የሚሉኝ።"

የዲንካ ቆሽቷ አረረ። ሄይ! ስም ያላትን ሰው ሄይ!

እውነቱን እንነጋገር ካልን ዲንካም ብትሆን የዋዛ አልነበረችም። ሱሚትራ አፏን በከፈተች ቁጥር ጠረጴዛውን ጧ! ታደርግና "የቃሉ መድረሻ! እንደገና!" ትላለች። እዚህ አገር የሰው ቃል ሳያርም የሚያድር የለም፤ ዲንካ ደግሞ ፍቅሯ ነው የሚያሳርማት።

በመከር ወር ሎቭሬ ነገር አመጣ። ደንበኞች ተቸገርን፣ ልጅቷ አልገባት አለ ብለው አማረሩ፤ ስለዚህ ከቅዱሳን ሁሉ በዓል በኋላ ሱሚትራ ጓዳ ምድጃው ጋ ትገባለች፣ ባንኮኒው ላይ ከስፕሊት ከተማ የምትመጣ የአጎቱ ልጅ ትቆማለች አለ። አልገባት አለ? ራሳቸው እየተኮላተፉ!

ሱሚትራ እንባዋ መጣ። "ልጄ በጸደይ ልትመጣ ነው፤ እዚሁ ትምህርት ቤት ትገባለች። እናቷን በጓሮ በር እንድትፈልጋት አልፈልግም።"

ዲንካ ኮቷን ደርባ በቀጥታ ወደ ዳቦ ቤቱ ሄደች። "አንተ ሎቭሬ፣ አንድ ቀን ቆመህ ሰምተሃታል?"

ሎቭሬ የድሮ ተማሪዋ ነው፤ ዛሬም ስታፈጥበት ትከሻው ይሰበሰባል። "እሺ መምህርት። በበዓሉ ዋዜማ ቆሜ እሰማለሁ። ከሰው ከተግባባች ባንኮኒው ላይ ትቆያለች። ካልሆነ ግን ያልኩት ያልኩት ነው።"

በዋዜማው ሰልፉ ለሙታኑ መቃብር የሚወስደውን ክሪሳንተመም አበባ ታቅፎ እስከ በሩ ደረሰ። ሎቭሬ እጁን አጣምሮ ቆመ።

"እኔ ዳቦ ሦስት!" አለች አንዷ።

"ሦስት ዳቦ ነው የፈለጉት? ልቁረጥልዎት ወይስ እንዳለ ይሁን?" አለች ሱሚትራ፣ ጥርት አድርጋ። ሎቭሬ ራሱን ነቀነቀ። ዲንካ ከሰልፉ መሐል በኩራት አበጠች።

የባርባ ሽፒሮ ተራ ደረሰ። ያንኑ ዳቦውን አየር ላይ ሣለ። "እኔ ክሩቭ! መቃብር መሄድ!"

"ባርባ ሽፒሮ፣ የሚወዱትን ዳቦ ከጠዋት ጀምሮ አስቀምጬልዎታለሁ። ለባለቤትዎ መቃብር ደግሞ..."

ጧ! ዲንካ ነበረች፤ በእጇ ያገኘችውን መደርደሪያ መታችው። "መድረሻው! የመቃብር መድረሻው ጠፋ! እንደገና!"



"ይኸው!" አለ ሎቭሬ። "ሌላ ምስክር ምን ያደርግልኛል? መምህርቷ ራሳቸው መሰከሩ።"

ዲንካ ክው አለች። በገዛ አፏ! ልታድናት መጥታ በገዛ አፏ አሳልፋ ሰጠቻት። "እኔ እኮ... ሎቭሬ... እንደዚያ ማለቴ..."

ሱሚትራ ዳቦውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ፊቷ ቀልቷል።

"አስጨርሱኝ፣ መምህርት! እነሱ ግማሹን ነው የሚነግሩኝ፤ እርስዎ ደግሞ ግማሹን ያስቀሩብኛል። ሁለት ክረምት ሙሉ አንዲት ዓረፍተ ነገር እንኳን ጨርሼ አላውቅም!"

ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረች። "ለባለቤትዎ መቃብር የሚያበሩትን ሻማ ባንኮኒው ላይ እንዳይረሱት። አምና ረስተውት ሄደው በዝናብ ተመልሰው መጥተዋል። ያን ለት እንዴት እንዳሳዘኑኝ ልነግርዎ ፈልጌ ቃሉ ጠፍቶኝ ነበር።"

የባርባ ሽፒሮ እጅ አየር ላይ እንደቆመ ቀረ። ቀስ ብሎ አወረደው። ቆቡን አወለቀና ሎቭሬን አየው።

"ስማኝ ሎቭሬ፣" አለ ሳይጮኽ፣ ሳይኮላተፍ። "ይቺን ሴት ጓዳ ካስገባሃት እኔ በጓሮ በር ነው የምሰለፈው። እኔ ክሩቭ የምገዛው ከሱሚትሬ ነው።"

ስሟ በሰው ፊት ተጠራ፤ ጅራቱ ሳይጎድል፣ በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ። ከኋላ አንዷ "እኔም" አለች። ሌላውም "እኔም" አለ። ሎቭሬ ሰልፉን አየ፣ አበባውን ሁሉ አየ፤ እያጉረመረመ ሽርጡን ታጠቀና ራሱ ወደ ምድጃው ገባ።

'ክሩቭ' ብሏል፤ ያ ሽማግሌ ዛሬም 'ክሩቭ' ብሏል። የዲንካ እጅ ተነሣ፣ አፏም ተከፈተ። መልሳ ገጠመችው።

ተራዋ ሲደርስ ሱሚትራ ስለ ዳቦው፣ ስለ ልጇ፣ ስለ ጸደይ ነገረቻት። አንድ መድረሻ ሳተች፣ ሌላም ሳተች። ዲንካ ሁለት እጇን ኮት ኪሷ ውስጥ ከታ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ እስኪያልቅ ሰማቻት።