ቆይ እና ስማቸው የጠፋ ንባቦች

ሰውየውን ሁላችንም «ቆይ» ነው የምንለው። ቅጽል ስሙን ያወጣለት የለም፤ ራሱ በአፉ ያመጣው ነው። ሻይ ላምጣልህ ቢሉት ቆይ፣ ጣሪያው እያፈሰሰብህ ነው ቢሉትም ቆይ። የተበላሸ ኮምፒውተር ይጠግናል። ክፍሉ ከደረጃው ሥር ናት። ሰው ከላይ ሲወጣና ሲወርድ አቧራው ትከሻው ላይ ይራገፋል፣ እሱ ግን ቀና አይልም።

እኔ የሕንፃው ጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋረጥኩ፤ ለምን እንደሆነ ማውራት ከሰለቸኝ ቆይቷል። ላይኛው ፎቅ ላይ ለዓይነ ስውራን መጽሐፍ በድምፅ የሚቀዳበት ክፍል አለ። እዚያ አንዲት ሴት አሥራ አንድ ዓመት አነበበች። «አንባቢዋ» እንላት ነበር። በሩ በደንብ ስለማይገጥም ኮሪደሩን ስወለውል ድምፅዋ እግር በእግር ይከተለኛል። አንዳንዴ ወለሉ ላይ ያለው ውሃ ይሁን ድምፅ መለየት ያቅተኝና ቆሜ እቀራለሁ። አምና ሞተች።

ዘንድሮ ዝናቡ ሲጀምር መብራት ሄዶ መጣ፣ ሄዶ መጣ። በሦስተኛው ጊዜ የንባቦቹ ዲስክ አልከፈትም አለ። ለቆይ ሰጡት።

«ድምፁ አልጠፋም እትዬ» አለኝ። «የጠፋው ምን የት እንዳለ የሚናገረው ዝርዝር ነው። ፎልደር ሣጥን ይመስልሻል እንጂ የስም ዝርዝር ነው። አሁን ዝርዝሩ ተቀዳዷል። አንደኛው ፎልደርማ ጭራሽ የምገኘው ራሴ ውስጥ ነው ይላል።»

«እኔንም አንዳንድ ቀን እንደዚያ ያደርገኛል» አልኩት።

መጀመሪያ ዲስኩን እንዳለ ሌላ ዲስክ ላይ ገለበጠው፣ ከዚያ በግልባጩ ላይ መሥራት ጀመረ። የመጠገኛው ፕሮግራም የተሰበረ ነገር ባገኘ ቁጥር ይጠይቃል፤ ይያያዝ? ይቆረጥ? ይጥፋ? ሌሎቹ ጠጋኞች «ለሁሉም አዎ» ብለው ምሳ ይሄዳሉ። ቆይ አንድ በአንድ ይመልሳል። በወጣትነቱ እሱም ለሁሉም አዎ ብሎ የእህቱን የሠርግ ቪዲዮ ድራሹን አጥፍቶታል። እህቱ እስከ ዛሬ ባየችው ቁጥር «ባሌ ያማረበት አንድ ቀን ነበር፣ እሱንም አንተ አጠፋኸው» ትለዋለች።

ከሳምንት በኋላ ሦስት መቶ አርባ ንባብ ተገኘ። ሁሉም «የጠፉና የተገኙ» በሚል አንድ ፎልደር ውስጥ ተከምሯል። ስም የለው፣ ተራ የለው፤ ቁጥር ብቻ። የኮምፒውተሩ ሰዓት ባትሪው ካለቀ ዓመታት ስላለፉት፣ ሁሉም የተቀዳው በአንድ ቀን ነው ይላል። የአሥራ አንድ ዓመት ድምፅ፣ በአንድ ቀን። አንባቢዋ የመጽሐፉን ርዕስ የምትጠራው መጀመሪያው ላይ ብቻ ነበር፤ መጽሐፎቹም የተውሶ ስለነበሩ ተመልሰዋል።

ሰኞ የመቅጃው ክፍል ኃላፊዋ ወረዱ። «በቁጥር የታጨቀ ነገር ለሰሚዎቻችን አልሰጥም» አሉ። «እስከ ዓርብ ካልተለየ ሁለቱም ዲስኮች ይጽዱና አዲሷ አንባቢ ከሀ ትጀምር።»

ማክሰኞ ደረጃውን እየወለወልኩ ድምፅዋ ከእግሬ ሥር መጣ። ሞታ ሳለ ከወለሉ ውስጥ የምታነብልኝ መሰለኝ። ባልዲዬን እንደያዝኩ ወረድኩ። ቆይ ጭንቅላቱን ይዞ ያዳምጣል።

«ይሄ መስኮቱ ከመሰበሩ በፊት ነው» አልኩት።

«የቱ መስኮት?»

«የማንበቢያው ክፍል። ከተሰበረ በኋላማ ርግቦቹ ይሰማሉ።»

ሌላ ከፈተ። ከአንባቢዋ ድምፅ ኋላ ሲጢጥ፣ ሲጢጥ ይላል።

«እሱ ኮሪደሩ ላይ የምገፋው ባልዲ ጎማ ነው። መጮህ የጀመረው ቢሮው ቀለም በተቀባ ዓመት ነው። ደግሞ እዚህ ላይ መጽሐፉ ውስጥ ያለችው ልጅ ደብዳቤውን ገና አላገኘችም፣ ስለዚህ ከቅድሙ ይቀድማል።»

ቆይ ያን ዕለት ቆይ አላለም። ወንበሩን ለቆ «ተቀመጪ እትዬ» አለኝ።

ሦስት ቀን ሥራዬን በጥድፊያ እየጨረስኩ አብሬው ተቀመጥኩ። በርግብ፣ በጎማ፣ በጣሪያ ጠጋኞች መዶሻ፣ አንባቢዋ ጉንፋን በያዛት ክረምት እየለየን፣ ንባቦቹ ወደየቤታቸው ገቡ። እሱ ስም ይጽፋል፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ኮሪደሩን ከዓመት ዓመት እሄድበታለሁ።

ዓርብ ኃላፊዋ መጥተው አንዱን መጽሐፍ ከሦስት ቦታ አዳመጡ። «ማን ለየው?» አሉ። ቆይ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። ኃላፊዋ እኔንም ባልዲዬንም አዩና «እሺ፣ ይቀመጥ» ብለው ወጡ።

የቀረ አንድ ነበር። ከፈተው።

«ኧረ ባልዲሽን ቀስ፣ እየተቀዳ ነው!» አለች አንባቢዋ እየሳቀች። «ምነው ዛሬ ፊትሽ? ነይ ግቢ፣ አንድ ገጽ ላንብብልሽ።»

ከዚያ የእኔ ድምፅ፣ ከሩቅ፣ «ሥራ አለብኝ» አለ። ጭራሽ አላስታውሰውም።

ቆይ ወደ እኔ ዞረ። «የትኛውም መጽሐፍ ውስጥ አይገባም» አለ። «ላጥፋው እንዴ?»

«ቆይ» አልኩት።

እዚያው በቁጥሩ ተወው። የጠፉና የተገኙ ውስጥ አሁንም ብቻውን አለ። ባልዲዬን አንስቼ ወጣሁ፤ ሦስተኛው ፎቅ አልተወለወለም ነበር።